የነቃ ዕቃ

ከወለቃ አፋፍ ላይ ጭቃ ስረግጥ ውዬ፣
እጅ እግሬን ሳልታጠብ፣ ልጨርሰው ብዬ፣
ስሜን ከቅዳሜ ገበያ ለቃቅሞ፣
አንድ ሰው ደረሰ፣ ግመሉን አስቁሞ።

አገሩ ዙማር ነው፣ ከመተማ ወዲያ፣
ዝናብ በተረት ነው፣ ጥላ በገበያ።
ከጨርቅ ውስጥ አወጣት፣ እንደ ሕፃን ታቅፎ፣
ጥቁር ናት፣ አንገታም፣ ከንፈሯ ተሸርፎ።

"ናፍዳ ትባላለች" አለኝ።
"ከጉድጓድ ስንነሳ፣ ማንም ሳይጎነጭ፣
የመጀመሪያው ውሃ የእሷ ነው።
ሕፃን ቢያለቅስ፣ ግመል ቢወድቅ፣
ከእሷ አይቀዳም፤ የአሸዋው ድርሻ ነው።
አርባ ቀን በየተራ እንሸከማታለን።
ጆሮዋ ተሰብሮ ማንጠልጠያው አልያዘም።
ጆሮዋን ብቻ ስሪልኝ።"

ጆሮዋን ሠራሁት። ይብቃኝ ማለት ሳለ፣
ጎኗ ላይ አየሁኝ፣ ክር የመሰለ
ቀጭን ስንጥቅ። እጄ መች ዝም አለ!
የነቃ ዕቃ አይቶ ማን ይተኛል አልኩኝ፣
ሰም አቀለጥኩና ሙጫ ደባለቅኩኝ፣
ማታ ውሃ ሞላኋት፣ እስኪነጋ አየኋት፣
ጠብታ የለም። ኮራሁ። ጠቅልዬ ሰጠኋት።

ዋጋዬን በአሞሌ ከፍሎኝ ሄደ።
ስለ ስንጥቁ አልነገርኩትም፤
መንገድ ላይ ሲያገኘው ይደሰታል ብዬ።
ክረምቱን ሙሉ፣ አንገረብ ሞልቶ ሲጮህ፣
"ይህችን ማን ሠራት?" እየተባለ
ስሜ ከጉድጓድ ጉድጓድ ሲዞር ይታየኝ ነበር።

ጥምቀት አልፎ ሲጎድል የመዋኛው ውሃ፣
መጣ ያው ሰውዬ፣ ከስቶ ከበረሃ።
ግመሉ የለም። ናፍዳን ግን እንደ ታቀፋት ነው።
መሬት አስቀመጣት።
"ሙሉ ናት" አለ።

"አርባ ቀን ሄድን፣ እንደ ሞላናት ደረሰች።
አሸዋው ከኋላችን በጠብታ ነበር የሚጠጣ፣
ጠጥቶ እንዲተኛ፣ እንዳይከተለን።
ዘንድሮ እሷ ተኛች፣ እሱ ነቃ።
ሦስት ግመል።
አንድ ልጅ። ሸርዋን። ሰባት ዓመቱ።
ልቆጣሽ አልመጣሁም፤
ድርሻ መሆኑን ነገርኩሽ እንጂ
በየት በኩል እንደሚከፈል አልነገርኩሽም።"

ምን ልበለው እኔ? ሰሙን እንደሆነ
በእጄ አቅልጬዋለሁ፤ ወርቁ ተደፈነ።

ወስፌውን አጋልኩት፣ ከፍም ውስጥ ጥዬ፣
ሰሙን ወጋሁበት፣ ንቂ፣ ንቂ ብዬ።

መጀመሪያ ምንም።
ቀጥሎ ጎኗ ላይ ላብ የመሰለ ነገር፣
ቀጥሎ አንድ ጠብታ
የወለቃ አቧራ ላይ ወደቀ፤
አቧራው ጠጣውና ቦታው እንኳን ጠፋ።
ሰውየው ጎንበስ ብሎ መሬቱን ዳሰሰ፣
"ሸርዋን" አለ፣
ለልጁ ይሁን ለአፈሩ እንጃ።

ዛሬም ቅዳሜ ቅዳሜ
እንስራዬን ገዢው በጣቱ እያንኳኳ
"የነቃ ነው እንዴ?" ይለኛል።
ቶሎ አልመልስለትም።