የማን ቆዳ ነው?

መወልወያዬን ይዤ፣ ማናማ፣ ሆስፒታል፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
ከመስኮቱ ማዶ የሙሐረቅ ድልድይ በአቧራ ውስጥ ሲታይ፣
ዶክተር ጀሊላ ጠራችኝ በጣቷ፤
"ንገሪያት" አለችኝ፣ "ምን እንደሚሆን ፊቷ።"

ትርንጎ ነበረች፤ ከልብስ ማጠቢያ ቤት
የእንፋሎቱ ጋን ፈንድቶ ያገኛት፣ በግራዋ ፊት፣
ከዐይኗ ቆብ እስከ አገጯ ድረስ።

ዐረብኛው ቀላል ነው፤ "ጂልድ" ቆዳ ነው፣ ሌላው ቃል "የሠሩት"፤
በእኛ አፍ ግን ቆዳ ሲሉ የሚታየው ከበሮ፣ ስልቻ፣ እርኮት።

"የማን ቆዳ?" አለች፣ ከንፈሯ በግማሽ እየተላወሰ፤
ጥያቄው በእኔ በኩል ለዶክተሯ ደረሰ።
"የላም ጅማት ፈትለው፣
የሻርክ ለስላሳ አጥንት አድቅቀው ቀላቅለው፣
እንደ ሸማ ሠርተው፣
ከላይ ስስ ላስቲክ አልብሰው።
ቁስሉ ላይ ሲያኖሩት፣ ሥጋሽ ቀስ እያለ ይገባል በክሩ፤
እሱ ይሟሟል ያኔ፣ አንቺው ትቀሪያለሽ፤ ይኸው ነው ምሥጢሩ።"

ትርንጎ ዝም አለች። ከዚያ ፋሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች፤
"ላም? ሁዳዴ'ኮ ነው እቴ! አፌ ሳይገድፍ ጉንጬ ሊገድፍ ነው?" አለች።
ስነግራት ዶክተሯም ሳቀች፤ ለእሷም ጾም ነበር፣ ረመዳን፣
ከንፈሯ ደርቆ ስትጠብቅ የመግሪብ አዛን።

ማታ፣ ሳቁ ሲያልቅ፦
"አባቴ ፋቂ ነው።
በሬ ሲያርዱ ይጠሩታል፤
ጠላውን በቅል ከደጅ ይሰጡታል፤
ሲጨርስ ቅሉን ይሰብሩታል።
እኔን ሲያዩ ልጆች አፍንጫ ይይዛሉ፤
'ዐይኗን እንዳታዩ' ይባባላሉ።
ከዚያ ሽታ ሸሽቼ፣ በሰው አገር ሳሙና ስዘፈዘፍ ስድስት ዓመት፣
ቆዳ ተከትሎኝ መጣ፤ ያውም ከኋላ አይደል፣ በፊት።"

ይህን አልተረጎምኩም።

ሰፉላት። ሃያ አንድ ቀን።
ከላስቲኩ ሥር ነጩ ቀላ፤ ከርሞ ኮክ መሰለ።
"እንዳትነኪው" ብላት፣ "ለፋቂ ልጅ ነው ይህ የሚባለው?" አለችኝ፤
"ቆዳ ካስቸኮሉት ይሰነጠቃል፣ ከዘነጉት ይሸታል። ንገሪያት" አዘዘችኝ።
ዶክተሯ ጓንቷን ሳታወልቅ ቆማ ሰማች፤
"ልክ ነው። ማን አስተማራት?" አለች።

ላፍታ ቃል አጣሁ።
ከዚያ "ፋቂ"ን ዐረብኛ አለበስኩት፦ "ደባግ።"
"የአክስቴ ባል የቤተሰብ ስም'ኮ ነው፤ ሰውዬው በጣም ደግ።"
ትርንጎ ይህን ስትሰማ
ብዙ ደቂቃ ጣሪያ አየች።

አሠሪዋ ደወለ። "መቼ ነው ሥራ የምትገባው?" አለ።
"እግዜር ይማርሽ ብሎሻል" አልኳት።
በሥራዬ የዋሸሁት ይህን ብቻ ነው።

ላስቲኩ ተላጠ። ከጭኗ ላይ፣ እንደ ሽንኩርት ቅርፊት የሳሳውን
አንሥተው አለበሱት ጉንጯን።
ውብ ነው አልልም። ዳር ዳሩ ያብረቀርቃል፤
ስትስቅ አንዱ ወገን ይቀድማል፣ ሌላው ይዘገያል።

ልትወጣ ሁለት ቀን ሲቀራት አባቷ በቪዲዮ ደወለ።
ስልኩን መጀመሪያ ወደ መስኮቱ አዞረችው፣ ወደ ድልድዩ፤
ከዚያ ወደ ጉንጯ።
ሽማግሌው ያለቅሳል ብዬ ወደ በሩ ፈቀቅ ስል፣
"ወደ ብርሃን ዙሪ" ሲላት ሰማሁ። "ማነው ያለፋው?"
"ሴት ናት። ጀሊላ ትባላለች።"
ወደ ስልኩ ተጠጋ፤ እንደ ገበያ ቆዳ ዳሩን መረመረ፤
"በደንብ ተወጥሯል" አለ። "እጇን ሳሚልኝ። አልቸኮለችም ነበረ።"