ቆመሽ አሳዪኝ

ሴገድ፣ ከቲሳ ወንዝ ማዶ፣ ችግኝ ሻጩ አንድራሽ
ወረቀቱን ዘርግቶ፣
"ይኼ ሲያብብ መንገደኛ ያስቆማል፤
ያኛው ሥሩ ክፉ ነው፣ ቧንቧ ይሰብራል" አለን፣
ዋጋውን አስልቶ።
እኔ አበባ ስል፣ ኢልካ ጥላ ስትል፣
ባዶ እጃችንን ተመለስን፤
ስንጨቃጨቅ ደጃችን ደረስን።

በማግስቱ ኢልካ መጥረጊያዋን ይዛ ወጣች።
"ዛፉ እኔ ልሁን" አለች፣
"አንተ በመስኮት እይና ቦታውን ለይ።"
"ወደ ግራ" አልኳት። ሄደች።
"ክንድሽን ዘርጊ።" ዘረጋች።
"ቁመት ጨምሪ።" መጥረጊያዋን ሽቅብ አነሣች፤
ነፋስ ሳይኖር ተወዛወዘች።
የጎረቤት ውሻ መጥቶ አሸተታት፤
እግሩን ሊያነሣ ሲል
ግንዱ ሮጠ፣ ሳቅ ገደላት።

ከሣሩ ላይ ሆና፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ፣
"ቅጠሌ የረገፈ ዕለት ማን ይጠርገኛል?" ብላ ጠየቀችኝ።
አርባ ዓመት ይህን ደጅ ማን እንደጠረገ
ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ።

ጥላ ያለውን ገዝቼ ተከልኩላት፣
ከቆመችበት ሦስት እርምጃ አርቄ።
"እዚያው ጋ ለምን አልሆነም?" ብትለኝ፣
መጥረጊያዋን ከእጇ ተቀብዬ
"ቧንቧ አለ" አልኳት፣
እንደሌለ አውቄ።