ጥፍሯ የሚሰማበት

ቂርያት ማልአኪ፣ ሐሙስ፣ ጀምበር ስታዘቀዝቅ፣
ቁልፉ በኔ እጅ ነው፤ ሃያ ሁለት ደረጃ ወደ ታች ስዘልቅ
የብረቱ በር ይከብዳል፣ ትከሻዬን ይጠይቃል፤
ውስጡ የሲሚንቶ ሽታ፣ የጎማ ምንጣፍ ሽታ ይጠብቃል።

በጦርነት ቀን መጠለያ፣ በሰላም ቀን ዮጋ ቤት፣
ግድግዳው ላይ «ለመቶ ሃያ ሰው» የሚል ያረጀ ጽሑፍ አለበት፤
እኛ ግን አሥራ አንድ ነን፤ አሥራ ሁለት፣ ጋሽ ጀምበሩ ከመጡ፣
ወገባቸው እሺ ካላቸው፣ በአውቶቡሱም ካልተቆጡ።

እዚሁ ወለል ላይ ነበር፣ ሳይረን በጮኸ ሌሊት፣
ፒጃማችንን እንደለበስን የተቆጠርነው በፍርሃት፤
ሰውነታችን ይህን ክፍል በሌላ ስም ነው የሚያውቀው፣
እዚህ መጋደም መጀመሪያ መርሳትን ነው የሚጠይቀው።

ትብለጥ ከአረጋውያን ቤት፣ ታጥባለች፣ ታነሣለች፣
ቀን ሙሉ የሰው ገላ አዝላ፣ ማታ የራሷን ትፈልጋለች፤
ሱዛን ከማሸጊያ ፋብሪካ፣ ጣቷ በካርቶን ተቆራርጦ፣
ትከሻዋ ከጆሮዋ ሥር እንደ ፈሪ ልጅ ተሸጉጦ።

ጋሊት፣ መምህራችን፣ ባለፈው ጠጋ ብላ፣ «አንቺ» አለችኝ፣
«ጆሮ አለሽ»፤ የመጨረሻዋን ሩብ ሰዓት አደራ ሰጠችኝ፤
«በገና ፈልጊ፣ የሚያረጋጋ፣ ትንፋሽን የሚያረዝም፣
ቃል አይኑርበት፣ ከበሮም፤ እንዳይሮጥ፣ እንዳይጣደፍም።»

አደራው ቀላል መስሎኝ ሦስት ሌሊት ወሰደብኝ፤
ስልኬ ትራስ ላይ፣ ልጄ ማዝል «ተኚ እንጂ» እያለችኝ።

የመጀመሪያው ጣፋጭ ነው፣ ስኳሩ ከንፈር ያጣብቃል፣
የጥርስ ሐኪም ደጅ ተቀምጦ ተራ መጠበቅን ያስታውሳል፤
«ስልክዎ ለኛ ክቡር ነው» የሚል ድምፅ መሃሉ ላይ ስጠብቅ
ጣቴ ቀድማኝ ዘጋችው፤ ይቅርብን ይህ የውሸት ሳቅ።

ሁለተኛው ወንዝ አለበት፣ ከክሮቹ ሥር የሚፈስ፤
ይሄን ባጫውት ትብለጥ ገና ሳትተነፍስ
ወደ መጸዳጃ ትሮጣለች፤ ሱዛንም ትከተላለች፣
ውኃ አይጠገብላት ሁሌ፣ «ሐኪሜ ሁለት ሊትር» ትላለች።

ሦስተኛው ወፍ አለበት። ከምድር በታች ወፍ ከየት?
አራተኛው ገና ሲጀምር መላእክት ተሰለፉበት፤
ከተማችን ስሟ ራሱ የመላእክት ነው፣ እጥረት የለብን፣
የጎደለን ሌላ ነው፤ ወገባችንን ያመመን።

በሦስተኛው ሌሊት አንዱን አገኘሁ፣ ሽፋኑ ሥዕል የሌለው፣
የቀዳው ሰው ቸኩሎ ይሁን ሰንፎ፣ ብዙም ያላጠራው፤
ወንበሩ ሲንቋቋ፣ ጥፍሯ ክር ሲነካ፣
ትንፋሽ ስትስብም፤ አንዴ ጣቷ ሲስት፣ ሳትቆጣ ስትተካ።
በሁለት ድምፅ መካከል ደግሞ እንዲህ ያለ ዝምታ አለ፣
ማቀዝቀዣችን እንኳ ሞተሩን ይዞ የሚጠብቅ መሰለ።

ሐሙስ መጣ። ተጋደሙ። አንዱን መብራት አጠፋሁ።
ስልኬን ከወንበር ሥር አኑሬ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጌ ለቀቅሁ።
ጋሽ ጀምበሩ በጀርባቸው፣ ዓይናቸው ኮርኒሱ ላይ፣
«ይቺ እንዝራ የላትም» አሉ፣ ለራሳቸው ይሁን ለኔ ሳይለይ፤
«ጎረቤታችን የሚደረድረው፣ ከክሩ ሥር ቆዳ ሲገባ
ያጉረመርም ነበር እንደ ንብ፤ የሚያስተኛ ሳይሆን የሚያባባ፤
ንጉሥ ሳኦልንም ቢሆን እንቅልፍ አይደለም የሰጠው፣
ቁጭ አድርጎ ከራሱ ጋር ፊት ለፊት ነው ያፋጠጠው።»

ጋሊት ጣቷን በከንፈሯ አድርጋ «ሽሽ» አለች፤ ሳቅ ያዘን።

ከዚያ ጣቷ የምትስትበት ደረሰ፤ አውቄ እጠብቃለሁ፣
«ሳተች» አሉ። ቆየት ብለው፣ «ሰው ናታ!» ሲሉ ሰማሁ።
ወዲያው ማንኮራፋት ጀመሩ፤ ከክሮቹ ሥር እየገባ
ያ የጎደለው እንዝራ፣ ያ ንብ መጥቶ አስተጋባ።

አሁን ማንም አልሳቀ። ሱዛን ትንፋሽዋን በእሳቸው ለካች፤
ትብለጥ፣ ያቺ የማታርፈው፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ ፈታች፤
እኔ ደግሞ ከጭኔ ሥር ቁልፉ እየቆረቆረኝ
ላውጣው ብዬ ተውኩት። ይቆርቁረኝ።