ገና ነው

ከዓሣ ጠባሹ ማዶ፣ በዴፕትፎርድ ዋናው መንገድ፣
ከቁማር ቤቱ መስኮት ላይ ተጽፏል፦ «ስድስት ለአንድ።»
ሎንዶን ነጭ ለብሳ እንደሆን የምትነጋ በገና፤
በጨዋ ቋንቋ «አይሆንም» ነው፣ ነገሩ ሲቃና።

ዊልፍ ጡረተኛ ነው፤ አርባ ዓመት አውቶቡስ ነዳ።
አምስት ፓውንድ ይዞ ይመጣል፣ እንደሚከፍል ሰው ዕዳ።
ጃግዲፕ ከመስታወቱ ኋላ፣ ደረሰኙን ሳይቆርጥ፣
«ዘንድሮስ ይቅርብህ» ይለዋል።
የዊልፍ ሐሳብ ግን ቁርጥ።

ሕጉ ቀላል ነው፦ አንዲት ቅንጣት ከጣራ ላይ ከታየች፣
መሬት ሳትነካ ብትቀልጥም፣ ያቺው ትበቃለች።
ግን ከተማው ትኩስ ነው፦ የምድር ባቡሩ እስትንፋሱ፣
የስንት ሚሊዮን ሰው ማሞቂያ፣ የመኪናው ጢሱ፣
ሰማይ የላከውን ሁሉ ዝናብ አድርጎ ያወርዳል።
ዊልፍ ይህን ያውቃል። አርባ ዓመት በናፍጣ፣
እሱም ሲያሞቀው ኖሯል።

አንዴ፣ ብላክሂዝ ዳገት ላይ፣ በረዶ አውቶቡሱን አቆመው።
ቲኬት ቆራጯ ቤሪል ጓንቷን አውልቃ ሰጠችው።
አንዱን ብቻ። ሌላው በእጇ ቀረ።
ከዚያ ወዲያ የሆነውን ለጃግዲፕ አልተናገረ።

በበዓሉ ጧት፣ አራተኛ ፎቅ፣ መስኮት ከፍቶ ቆመ።
ዝናብ። ጥቁር አስፋልት። ቀበሮ ጥራጊ ለቀመ።
ነጭ የሚባል ቢፈለግ፣ ደረሰኙና የነጣ ኪሱ፤
ባዶ መዳፉን ዘረጋ ወደ ውጭ፣ ቀስ ብሎ፣ ለራሱ።

«ወረደ እንዴ?» አለው ከታች፣ ጎረቤት ውሻ ይዞ ወጣና።
«ገና ነው» አለ ዊልፍ።
እጁን አልሳበም ገና።