ግማሽ መንገድ

በሳንታ ዶሮቴያ አንድ አስፋልት ብቻ አለ፤
አጨዳ ደርሶ ነው፣ ለሁለት ተከፈለ፤
ግራው ለመኪና፣ ቀኙ ለሩዝ ሆኖ፣
ገበሬ ያሰጣል ፀሐዩን ለምኖ።
ማድረቂያ ማሽን ሊገባ ከታቀደ አምስት ዓመት፤
የመሠረት ድንጋዩ አለ፣ ፍየል የሚታሰርበት።

የአራተኛ ክፍል መምህርት ነኝ፤
መስኮቴ ስጡን ያያል።
በአውሎ ነፋስ ወር ክፍሌ መጠለያ ይሆናል፤
ከጠመኔ ሣጥን ውስጥ የሕፃን ጡጦ አግኝቼ አውቃለሁ።
ሒሳብ የማስተምረው ከመጽሐፉ አይደለም፤
መጽሐፉ ለሦስት ልጅ አንድ ነው፣
ገጽ ሠላሳውን አይጥ በልቶታል።

ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ፦
ፖንሲያኖ ሃምሳ ጆንያ ሩዝ አገባ፤
ደረቁ ኪሎው አሥራ ዘጠኝ ፔሶ፣ እርጥቡ አሥራ አራት።
ለማዳበሪያ ከነጋዴው ተበድሯል፤
ብድሩ ደግሞ በየወሩ ይወልዳል፣
እንደ ሰው ዘጠኝ ወር አይጠብቅም።
ስንት ይተርፈዋል?

ጆማር እጁን አወጣ፤
«ፀሐይ ካለ ነው መምህርት? ወይስ ከዘነበ?»

ሐሙስ ነበር። አዋላጇ
የምትመጣው ማክሰኞና ዓርብ፤
ሐኪሙ ደመወዝ መዝገቡ ላይ አለ፣ ወንበሩ ላይ የለም።
ሮጀሊንን ምጥ በማለዳ ያዛት።
ባሏ ጂዳ ነው፣ የሰው ቧንቧ ይጠግናል፤
እዚህ የቤቷ ቧንቧ አየር ብቻ ያፏጫል።
አምቡላንሷ አንዲት ናት፣ ኑመሪያኖ ይነዳታል፤
ነዳጁን ጎረቤት ሞላ፣
ሳንቲም በቆርቆሮ አሰባስቦ።

እሷ ስትደርስ ደመናው ደረሰ፤
ምዕራቡ ጠቆረ፣ ንፋሱ ነፈሰ።
ግራውን የነጋዴው ካሚዮን ዘግቶታል፣
ሚዛኑን ዘርግቶ ጆንያ ይጭናል፤
ቀኙን የፖንሲያኖ ሩዝ ተኝቶበታል።
ኑመሪያኖ ቆመ ከስጡ ዳር ላይ፤
ፖንሲያኖ መንሹን ይዞ አየ ወደ ሰማይ፤
መኪናዋን አየ፣ ሩዙን ደግሞ አየ፤
ከሦስቱ አንዱንም ሳይመርጥ ጥቂት ቆየ።
«እለፍ!» አለው ኋላ፣ «በላዩ ላይ ንዳ!»
«እህል ላይ ነድቼ? እኔ አልገባም ዕዳ!»

ደወሉን ደወልኩ፣ ሳላስፈቅድ ማንንም።
አርባ አንድ ልጅ ወጣ፤ መጥረጊያ የለንም፤
በማስመሪያ፣ በደብተር፣ በነጠላ ጫማ
ጠራረግን፣ ጠራረግን፣ ሁለት መስመር ለጎማ።

አለፈች።
ከዚያ ዝናቡ ወረደ፣
የማንን ጆንያ እንደሚያረጥብ ሳይጠይቅ።

ልጅቷ የተወለደችው ያላለቀው ድልድይ አጠገብ ነው፤
አዋላጇ በስልክ እያዘዘች፣ የሮጀሊን አማት በእጇ።
ስም አልወጣላትም ገና።
ርዕሰ መምህሩ ቅጽ ሰጡኝ፦
«የባከነ የትምህርት ጊዜ፦ አንድ ሰዓት። ምክንያት፦»
ባዶውን መስመር እስካሁን አልሞላሁትም።

ሰኞ ፖንሲያኖ በር ላይ ቆመ፤
ምስጋና ሊቀበል አልመጣም።
የነጋዴው ደረሰኝ በእጁ ላብ ርሷል።
«ልጆቹ ይደምሩልኝ» አለ።
ሃያ ሁለት ጆንያ ደረቅ፣ ሃያ ስድስት እርጥብ።
ክፍሉ ዝም አለ፣ ቀጥሎ ሹክሹክታ፤
ጆማር ሳይፈቀድለት ተነሣ፤
«አርባ ስምንት ነው። ሁለቱ ጆንያ የት ሄደ?»

ፖንሲያኖ ወረቀቱን አራት ላይ አጠፈ፣
ኪሱ ከተተ፣
ወደ ነጋዴው ግቢ አቀና፣ ብቻውን።
እንደገና ያካፋ ነበር።
ግማሽ መንገድ ሲደርስ ቆመ፤
ባርኔጣውን አውልቆ ውሃውን አራገፈ፣
ዞር ብሎም አየን።
አርባ አንድ ፊት መስኮቱ ላይ ተለጥፏል፤
ተቀመጡ አላልኳቸውም።