ሶል

ክሩን በሰም እያሸሁ፣ ዘምባባው ጥላ ተቀምጬ፣
የነርሷን ጫማ ተረከዝ በጉልበቴ መሃል ጨብጬ፣
አንማው መጣ ከትምህርት ቤት፣ እጀታው በቀለም ተነክሮ፣
መኪናውን በብብቱ ይዞ — እንደታመመች ዶሮ።

"ጋሽ ሽባባው፣ ሶል ምታልኝ።"
"ለየትኛው እግርህ?" ብለው፣
"ለሷ!" አለና ገለበጣት።
ከላይ ያየሁት ሌላ፣ ከታች ያየሁት ሌላ ነው።

ከላይ የሙሽራ መኪና፤ ቀይ ቀለም፣ መስታወት፣ አንቴና፤
ከታች የሰፈራችን ኮብልስቶን እንደ ሞረድ ልሷታልና፣
ፕላስቲኩ አመድ መስሎ፣ የብሎኑ ራስ ተላጭቶ፣
አንድ ቀጭን ሽቦ ያየኛል፣ ከስንጥቁ ብቅ ብሎ ወጥቶ።
"አጎቴ ከመተማ ነው ያመጣት" አለኝ፤ "በአይሱዙ፤
ባትሪዋም ጎማዋም ደኅና ነው፤ ሆዷ ብቻ ነው መዘዙ።"

መጀመሪያ ጎማ ቆረጥሁ፣ ከተጣለ የባጃጅ ጎማ፣
በማስቲሽ ግጥም አረግሁት — እኔ የማውቀው ጫማ!
ሪሞቱን ቢጫነው አቃሰተች፤ ስንዝር ሄዳ ቆመች ድንገት፤
ሆዷን አድናለሁ ብዬ፣ በሆዷ አስተኛኋት።
አንማው አላለቀሰም፤ ዝም ብሎ አፈር ጫረ፤
ከልቅሶ ዝምታው ባሰኝ፤ ማስቲሹ እጄ ላይ ደርቆ ቀረ።

"አየህ፣ ጎማ ድንጋይ ይይዛል፤ ለእግር እንጅ ለሆድ አይሆንም፤
ሆድ የሚሻው የሚያዳልጥ ነው፣ ከድንጋይ ጋር አይጣላም።"
ጀሪካን ሞከርን፤ ቢጫ፣ የዘይት፤
ተጣመመ በፀሐይ ግለት።

ሣጥኔን ከፈትሁ። ከወስፌው፣ ከቀለም ቆርቆሮው በታች፣
አንዲት ጥቁር ቅጠል አለች፣ ሦስት ዓመት ሙሉ የተኛች፦
ፈለገ ሕይወት ያነሡኝ፣ የገዛ ወገቤ ራጅ።
"አጥንትህ ተፋፍቋል" ነበር ያለኝ ሐኪሙ፤ "ከእንግዲህ አትጎንበስ እንጅ…"
ሳይጎነበስ ሶል የሚመታ፣ እስቲ ማን አለ ወዳጅ?

ወደ ሐይቁ ብርሃን ዘርግቼ፣ ለመጨረሻ አየሁት፤
በአጥንቶቼ መሃል ታንኳ አለፈ፤ ከዚያ በመቀስ ቆረጥሁት።
ሞተሩ እንዳይታፈን፣ ሁለት ቀዳዳ በጋለ ወስፌ፤
ጫፉን ወደ ላይ አቀናሁ፣ እንደ ታንኳ አፍንጫ አጥፌ፤
ዙሪያውን በክር ሰፋሁት፤ ማስቲሽ አልጨመርሁም ጠብታ፣
ነገ አርጅቶ ሲቀደድ፣ በቀላሉ እንዲፈታ።
ሶል ማለት እኮ ይኼ ነው ሙያው፦ ማለቅ፤
እሱ አላልቅም ያለ ለት፣ ጫማው ነው የሚያልቅ።

ጀንበሩ፣ ታንኳ ቀዛፊው፣ ደንገሉን አውርዶ አየና፣
"የኛም መከራ ከሆዱ ነው" አለ፤ "ውኃ ይጠጣልና፤
ከሐይቁ በወጣ ቁጥር እናቆመዋለን፣ ሆዱን ለፀሐይ ሰጥተን፤
ማንም አያየው። እኛ ነን የምናውቅ፣ በላዩ ላይ ተቀምጠን።"

"ስንት ነው?" አለ አንማው። ኪሱን ሲዳብስ፣ "ተው" አልሁት፤
"አንዴ ልንዳት።" ሪሞቱን ሰጠኝ። በአውራ ጣቴ ገፋሁት።
ሄደች! ሸርርር እያለች፣ ከዘምባባ ወደ ዘምባባ፤
ጉብታ በነካች ቁጥር፣ ወገቤን ይዤ ሆዴ ባባ።

ከወር በኋላ ተመለሰ። ገለበጣት፤ እኔም ጎነበስሁ፤
አራቱ አጥንት ተፍቆ ጠፍቷል፤ አንዷን ብቻ ለየሁ።
ከሥሩ ግን ፕላስቲኳ፣ ብሎኗ፣ ሽቦዋ እንዳለ —
"ጋሽ ሽባባው፣ ሌላ ራጅ የለህም?" አለ።

ነርሷ በሌላ ጫማ መጥታ፣ ከጎኔ ቆማ ታያለች፤
"ነገ ወረፋ ያዢልኝ" አልኋት።
"ደግሞ አመመህ?" አለች።