ውሃ ልክ

ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ማታም ሁለት ሰዓት፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ሳልቀር አንድም ዕለት፣
ከሲር ዳርያ ዳር፣ ከአሮጌው ዘንግ ፊት፣
ቆሜ እጠይቃለሁ፦ «እንዴት አደርክ? ስንት?»

ዘንጉን ባሌ ተክሎት፣ ግንበኛ ነበረ፣
ውሃ ልክ አስደግፎ፣ አቃንቶ ቀበረ።
ሲሞት ተወልኝ ደብተር፣ ፋኖስ፣ እርሳስ፣
ጨርቅ ሞልቼ እንኳን የሚሰፋኝ ቦቲ፣ እስከዛሬ ድረስ።

ሥራዬ አጭር ነው፤ ማንበብና መጻፍ፣
ቁጥሩን በስልክ ወደ ክዝልኦርዳ ማሳለፍ።
ወንዙን አልገድበው፣ ወንዙን አልለቀው፣
ልኩን ብቻ ነው እኔ የማውቀው።

ድሮ በሐምሌ ነበር ወንዙ የሚጎረምሰው፣
የተራራው በረዶ ቀልጦ ሐብሐባችንን ሊያረሰርሰው።
በጥር ይተኛ ነበር፣ ግግሩን ተከናንቦ፣ የትም ሳያመልጥ።
አሁን ነገሩ ግልብጥ፤
በሐምሌ ከላይ ይታሰራል፣ በጥር ይፈታል ሲሮጥ።
ላይ ያሉት ሲበርዳቸው ተርባይኑ ይዞራል፣
ተርባይኑ ሲዞር ውሃው ወደ እኛ ይባረራል፣
እዚህ ሲደርስ ግግሩ ላይ ወጥቶ ይጎማለላል፣
እንደ ሰካራም እንግዳ በር ገንጥሎ ይገባል።

አምና የኦሪንባይ ግመል
ሌሊቱን እስከ ሆዷ በበረዶ ተይዛ አደረች።
በመጥረቢያ ነው ያወጣናት።
በሐምሌ ያው ኦሪንባይ፣ የሩዝ ማሳው እንደ ተረከዝ ተሰነጣጥቆ፣
«ያ ሁሉ ውሃ የት ገባ?» ይለኛል።
ኪሴን ያያል፣ የደበቅሁት ይመስል።
ባሕሩማ ጥሎን ከሄደ ቆየ፤
ነፋስ ሲነሳ ግን ጨዉ ይመጣል፣
የታጠበ ልብስ ላይ ነጭ ሆኖ ይቀመጣል።

«ለብርዱ ከሰል ላኩልን» ይላሉ የላይኞቹ፣
«ለሐሩሩ ውሃ ላኩልን» ይላሉ የታችኞቹ።
መላላክ በዛ፤
ልክ ጠፋ።

እንግዲህ የኔ ጉድ እዚህ ላይ ነው።
ልጄ ባልጃን ያገባችው ከግድቡ ሰፈር፣
ናሪን ዳር፣ አራተኛ ፎቅ።
በዚያ በከፋው ጥር ሌሊት ደወለች፦
«እማ፣ መብራት መጣ! ማሞቂያው ሠራ!
ኤርናር ካፖርቱን አውልቆ ምንጣፉ ላይ ይድሃል።»
ሳቁ በስልኩ መጣ።
«እሰይ» አልኩ፤ ከአንጀቴ።

በዘጠነኛው ቀን ዘንጉ አራት መቶ አሥራ ስምንት።
በአንድ ሌሊት ስድሳ ሳንቲ ሜትር ጨምሮ።
የልጅ ልጄ ሙቀት
በረዶ ተሸክሞ በደጄ አለፈ።
ማንን ልርገም?
ብረግም ልጄን ነው፤ ዝም ብል ጎረቤቴን።

ሴይትካን ከቢሮ ደወለ፦
«ኩልፓሽ፣ ዓይንሽ ደክሟል መሰለኝ። አራት መቶ እንበለው።
ከዚያ ካለፈ ማብራሪያ ጻፉ ይሉናል፣
ሊፈራረሙ ተቀምጠዋል፣ ማን ይረብሻቸዋል?»
«ዓይኔስ ደክሞ ይሆናል፣ ውሃው ግን አልደከመም።»
አሥራ ስምንት ሳንቲ ለወረቀት ምንም፤
ለበግ ግን ከጉልበት እስከ ሆድ ነው።

ባሌ ግድግዳ ሲያቆም፣ ውሃ ልኩን አስተኝቶ፣
አንድ ዓይኑን ይጨፍን ነበር፣ ትንፋሹን ገትቶ፣
ያቺ አረፋ መሐል እስክትቆም።
አንድም ቀን «ይሁን፣ ትጠጋጋለች» ብሎ አላለፋትም።

እርሳሱን ተውኩት። በእስክሪብቶ ጻፍሁ።
«ልዩ ማስታወሻ» በሚለው ጠባብ ዓምድ፣
ነፋስ፣ ጭጋግ፣ ግግር እያልኩ በምሞላው፣
እንዲህ አልኩ፦ «ላይ ሕፃን ሞቆታል።»

ማታ አነበብኩለት፣ ሁሉንም።
ሴይትካን ዝም አለ። ወረቀት ሲገላበጥ ይሰማል።
ከዚያ ቀስ ብሎ፣ እንደሚጽፍ ሰው፣
«አራት መቶ... አሥራ... ስምንት?»

«ልክ ነው።»